እኔ ሹፌር አይደለሁም

በአንድ ወቅት፣ ያውም ሩቅ ባልሆነ፣ ከደሴ ኮምቦልቻ የሚመላለስ ይማም የሚባል የሚኒባስ ሹፌር ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት መሪ ሲጨብጥ ዶሮ እንኳን ገጭቶ አያውቅም። አንድ ጠላት ግን ነበረው፤ መስከረም። ሣሩ ሲያብብ አፍንጫው ይፈስሳል፣ ዓይኑ ያነባል፣ ማስነጠስ ከጀመረ ደግሞ ሰባት ስምንቴ ሳያደርስ አይለቀውም።

የሚያስነጥስ ሰው ዓይኑን ይጨፍናል። በመንገዱ መሃል ባለው በሐረጎ ቁልቁለት ላይ ዓይን መጨፈን ምን ማለት እንደሆነ በዚያ የወረደ ያውቀዋል።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ይማምና ረዳቱ ሰው ጭነው ከመናኸሪያ ወጡ። ገና ከከተማው ሳይርቁ ይማምን ጀመረው። ሦስተኛው ንጥሻ ላይ መኪናው ወደ ግራ ሄደና ከፊት ከሚመጣ አይሱዙ ለጥቂት ተረፉ። ከኋላ ወንበር የተቀመጠች ዘምዘም የምትባል ልብስ ሰፊ፣

«ኧረ ይሄን ሰውዬ አንድ ነገር ስጡት፣ በንጥሻ ሊጨርሰን ነው» አለች። ሰው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ረዳቱ አህመዲን ይባላል፤ አርባ ያለፈው ሰው ነው። ቆዳውን ስለሚያሳክከው የአለርጂ ክኒን ከኪሱ አይጠፋም። አንዲት ትንሽ ቢጫ ክኒን ፈልቅቆ አቀበለው።

«ዋጣት ይሜ። እኔ ሦስት ወር ሙሉ ወስጃታለሁ፣ ምንም አላደረገችኝም።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«አንተን ገድዬ ማን ሊነዳኝ?»

ይማም ዋጣት። ትንሽ እንደሄዱ መንገድ እየተጠገነ ነው ተብለው አንድ ሰዓት ያህል ቆሙ። ሐቁን ለመናገር ክኒኗ ሠራች። አፍንጫው ደረቀ፣ ዓይኑ ጠራ፣ ተሳፋሪው አህመዲንን መረቀው።

መንገዱ ተከፈተ። ቁልቁለቱ አናት ላይ ሲደርሱ ግን ይማም ጭንቅላቱ ከበደው። መኪናውን ጥግ አስይዞ ወረደ።

«አህመዲን፣ እንቅልፍ እየመጣብኝ ነው።»

«ሌሊት አልተኛህም እንዴ?»

«ኧረ ተኝቻለሁ።»

ከጀሪካን ውኃ ቀድቶ ፊቱን ሲታጠብ ከውስጥ አንዲት ሴት፣ «አንድ ሰዓት ተገትረን ደግሞ ልትታጠብ? ሂድ እንጂ» አለችው። ገባና ነዳ። ሁለተኛው ኩርባ ላይ መኪናው አልታጠፈም፤ ፍሬን ሳይያዝ ቀጥ ብሎ ሄደ። የመንገድ ሠራተኞች የቆለሉት አፈር ባይዘው ኖሮ ይህን የሚያወራ ባልኖረ ነበር። የሞተ የለም። የዘምዘም ቀኝ እጅ ግን ተሰበረ፤ ሲጠገንም ጣቶቿ መቀስ መያዝ እምቢ አሉ።

ሽማግሌ ተቀመጠ፤ ሹፌሩ፣ ረዳቱና ክኒኗን የሸጠችው ፋርማሲስት ተጠሩ። በዚያ አገር በደለኛ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ አጎንብሶ ይቅርታ ይጠይቃል። ዘምዘም ለሽማግሌው ለሐጂ ኑርዬ እንዲህ አለቻቸው፦

«ይቅር እላለሁ። ግን የሚሸከመው አንድ ሰው ይሁን። ሦስት ሆነው ሲቀባበሉት ማየት አልፈልግም። እጄን ማን እንደወሰደው ልወቅ።»

ነገሩ ቀላል አልነበረም። ድንጋዩን የተሸከመ ሰው ከይቅርታው በኋላም ስሙ አብሮት ይዞራል።

መጀመሪያ አህመዲን ተናገረ። «እኔ ሁልጊዜ የምውጣት ልተኛ ስል ነው። ቀኑን ሙሉ በር ላይ ተንጠልጥዬ ውዬ እንቅልፍ ሲጥለኝ ክኒኗ ናት ብዬ እንዴት ልጠርጥር?»

«ስትገዛት አልተነገረህም?» አሉ ሐጂ።

«ተነግሮኛል። ፋርማሲስቷ መኪና አትንዳ አለችኝ። እኔ ሹፌር አይደለሁም አልኳት። አይደለሁማ።»

«ለሹፌር ስትሰጥስ?»

«አፍንጫውን ነው ያየሁት አባቴ። ቃሏ ትዝ ያለኝ አፈሩ ውስጥ ከገባን በኋላ ነው።»

ቀጥላ ክኒኗን የሸጠችለት ፋርማሲስቷ ሩቅያ ተናገረች። «በአፌ ነግሬዋለሁ። እንቅልፍ የማታመጣዋንም አሳይቼው ነበር፤ ተወደደችብኝ ብሎ ተዋት።»

«የሚኒባስ ረዳት መሆኑን ታውቂ ነበር?»

«አውቃለሁ።»

«መናኸሪያ ውስጥ ክኒን እንደ ማስቲካ ከእጅ ወደ እጅ እንደሚዞርስ?»

ሩቅያ ነጠላዋን አስተካከለች። «እሱንም አውቃለሁ» አለች። «ለሹፌሮቹም ንገር፣ ለማንም እንዳትሰጥ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም።»

ይማም ብዙ አላወራም። «መሪው በእጄ ነበር።»

«እንቅልፍ እንደመጣብህ እያወቅህ ቁልቁለቱን ለምን ወረድህ?»

«ጠዋት በንጥሻ ልጨርሳቸው ነበር። ሲቆምልኝ ዳንን ብዬ ነበር። ባልውጣት ሐረጎን እንዴት እወርደው ነበር? ሰዉ ደግሞ ሂድ አለኝ።»

«ማን ነው ሂድ ያለህ?»

ይማም ዘምዘምን ቀና ብሎ አያትና አቀረቀረ።

«እኔ ነኝ» አለች ዘምዘም። «የሙሽራ ቀሚስ ላደርስ ነበር።» የተሰበረ እጇን በሌላው አቀፈችው። «ስጡትም ያልኩት እኔ ነኝ።»

ሐጂ ኑርዬ፣ «የኔ ዳኝነት እዚህ ላይ ቆመ» ብለው ተነሱ። ድንጋዩ ደጃቸው ላይ ነው፤ ሦስቱም ዙሪያውን ቆመዋል፤ ዘምዘም በር ላይ ሆና ትጠብቃለች።

ፍርዱ እንግዲህ የእናንተ ነው። ሳያስተውል የሰጠው አለ፣ አውቃ ለማይነዳው የነገረችው አለች፣ እንቅልፍ እየከበደው ቁልቁለቱን የወረደው አለ። ከመፍረዳችሁ በፊት ግን ኪሳችሁን ዳብሱ፤ ለሰው የምታቀብሏት አንዲት ክኒን አትጠፋም። ዳበሳችሁ? በሉ ንገሩኝ፤ ድንጋዩን ማን ያንሳው?