ከቀለሙ ስር የቀረው ብየዳ

ስሟን የማልነግራችሁ አንዲት አሮጌ ከተማ ነበረች፤ የመስጂዷ ሚናራ ጥላ ከአስር ሶላት በኋላ ገበያውን ሁሉ የሚሸፍን። በዚያ ጥላ ስር ሸህ ዘይኑ የሚባሉ ብረት በያጅ ይሠሩ ነበር። አላህን ፈሪ፣ እጀ ብርቱ ሰው ናቸው። የበየዱትን ብረት ዝሆን ቢጎትተው ዝሆኑ ይበጠሳል እንጂ ብረቱ አይበጠስም ይባል ነበር።

አንድ ቀን ኸይረዲን የሚባል ጎልማሳ ሞተር ሳይክል እየነዳ፣ የፊት መስታወቱን በደረቱ ደግፎ መጣ። መስታወቱን የያዘው ብረት ለሁለት ተሰብሯል። ሞተሩ የራሱ ቢሆን ባልከፋ፤ የጋሽ ሙህዲን ነው። ጋሽ ሙህዲን ደግሞ ሊያገባት ያጫት የሰዓዳ አባት ናቸው፤ ሲቆጡ ርግብ ከሚናራ ላይ ይወድቃል። ኸይረዲን ለጋብቻ ውሉ፣ ለኒካሁ፣ አጎቶቹን ሊጠራ ሞተሩን ተውሶ፣ ብረቱ ድንጋያማው መንገድ ላይ ቀጭ አለበት።

«ሸህዬ፣ ይበይዱልኝ። ቀለምም ያልብሱልኝና ጋሽ ሙህዲን አይወቁ። ካወቁ ሰዓዳን አይሰጡኝም።»

«ረጋ በል እንጂ! የጠራኸን ለኒካህ ነው ወይስ ጃናዛ ልንቀብር?» አሉና ሞረዳቸውን አነሱ።

የድሮውን ቀለም ፋቅ ፋቅ እንዳደረጉ እጃቸው ቆመ።

«አስተግፊሩላህ፤ አላህ ይማረኝ።»

«ምነው ሸህዬ? አይሆንም?»

«ይሆናልስ። ያልሆነው የፊተኛው ነው። ይህን ብረት ከዚህ በፊትም የበየድኩት እኔ ነኝ። ጁምዓ ነበር። የላዩን እንደጨረስኩ የሶላት ጥሪው፣ አዛን አለ፤ ተነሳሁ። ከመስጂድ ስመለስ ሙህዲን እዚሁ ቆሞ ያጣድፈኛል። ቀለም ቀባሁና ሰጠሁት። የውስጡ ሳይበየድ ቀረ፤ ይኸው፣ እየው።»

ኸይረዲን ጥፋቱ የእሱ አለመሆኑን ሲሰማ ከደስታው ብዛት ጣሪያውን በራሱ ሊበሳው ነበር። ግን የሽማግሌውን ፊት ሲያይ ደስታው ሸሸው።

«ሸህዬ፣ ይተዉት። ከእኛ በቀር ያየ የለም። እኔው ሰበርኩት እላለሁ፤ የእርስዎ ስም አይነካ።»

«በውሸት ትዳር ልትጀምር? በል ያዝልኝ።»

ላዩንም ውስጡንም በየዱት። ቀለም ግን አልቀቡትም። ሱቃቸውን ዘግተው፣ ከበቅሎ በቀር በምንም ላይ ተቀምጠው የማያውቁት ሰው ከሞተሩ ኋላ ወጡ። ኸይረዲንን ከኋላው የጨመቁት አጨማመቅ ጎድኑን ለኒካሁ ቀን የሚያተርፍለት አይመስልም ነበር። ዱዓቸው ከሞተሩ ድምፅ በልጦ ሦስት ሰፈር ተሰማ፤ መንገደኛው ሁሉ አሚን ይል ጀመር።

ጋሽ ሙህዲን በር ላይ ቆመው ጠበቋቸው። ዓይናቸው በቀጥታ ብረቱ ላይ አረፈ።

«መስታወቴን ማነው የነካው?»

ኸይረዲን ሞተሩን አጠፋ። ሸህ ዘይኑ ቀድመውት ወረዱ።

«እኔ ነኝ ሙህዲን። ያን ጊዜ ግማሹን ብቻ በይጄ፣ በቀለም ሸፍኜ ሰጠሁህ። ልጁ ጥፋት የለበትም። ሐቅህን አጉድያለሁና ይቅር፣ አፉ በለኝ።»

ጋሽ ሙህዲን ብረቱን ዳሰሱት። ሰፈሩ ሁሉ ጩኸት ሲጠብቅ እሳቸው አንገታቸውን ደፉ።

«አፉ ብያለሁ። እርስዎም አፉ ይበሉኝ ሸህ። እርስዎ መስጂድ ሲገቡ እኔ ሞተሬን ልጠብቅ ብዬ ሱቅዎ ደጃፍ ቀረሁ። ያን ዕለት የጁምዓ ሶላት አመለጠኝ፤ ለሚስቴ እንኳ አልነገርኳት።»

ከበሩ ኋላ የሴት ሳቅ ፈነዳ። ሚስታቸው ሰምታለች።

«አንተ ደግሞ ምን ያስደነግጥሃል?» አሉት ጋሽ ሙህዲን ኸይረዲንን። «ቁልፉ አንተው ጋ ይሁን፤ ሙሽራዋን የምትወስደው በምንድነው ታዲያ?»

ኸይረዲን አልሐምዱሊላህ ብሎ የተነፈሰው ትንፋሽ፣ የሰፈሩን ልብስ ሁሉ ከየገመዱ አወረደው።

ሸህ ዘይኑ ሊሄዱ ሲሉ ጋሽ ሙህዲን ብረቱን ቀለም ይቀቡት እንደሆነ ጠየቁ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እንዲሁ ይሁን፤ እኔም ሳየው ላስታውስ። አዛን ከሥራ ያስነሳል እንጂ ሥራውን አይጨርስም።»

ከዚያም ሞተሩን ትተው በእግራቸው ሄዱ።

ወዳጆቼ፣ ይህን ቃል አቅልላችሁ አትስሙት። ወደ ሶላት መነሳታቸው የአላህ ሐቅ ነበር፤ ተመልሰው የውስጡን መበየድ ደግሞ የሰው ሐቅ። እኛ የመጀመሪያውን ስናደርስ ሁለተኛው አብሮ የተከፈለ ይመስለናል። ሰግደን፣ አሰላምተን ስንወጣ ግን ያ ግማሽ ብረት እዚያው ሱቃችን ተቀምጦ ይጠብቀናል። ደግነቱ፣ የምንመለስበት በር ገና አልተዘጋም።