የእመት አህያ ሁለት ዙር

አንድ ጊዜ፣ አራዊት መኪና መንዳት በጀመሩበት ዘመን፣ የአንበሳ አሮጌ የጭነት መኪና ጨው እንደጫነ በረሃ መካከል ቆመ። ጥፋቱ የአያ ጅቦ ነበር። የግራሶ ሽታ አፍንጫው ቢገባ፣ በሞተሩ ውስጥ ነዳጁን ለሚለኩሱት ካንዴላዎች እሳት የሚያከፋፍለውን ዕቃ ነቅሎ ሥሩን ጥርግ አድርጎ ላሰና እንደመጣለት መልሶ ሰካው። ከዚያ ወዲያ እሳቱ በጊዜው አልመጣ አለ፤ ሞተሩም አልነሳ አለ።

አንበሳ ተቆጣ። «ነገ የደጋ ገበያ ነው! ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ መኪናዬን ላስነሳልኝ የሰንጋ ታፋ እሸልመዋለሁ። ካልተነሳ ግን ጨው ይራገፍና በአህያ ጀርባ ይሄዳል!»

እመት አህያ ይህን ሰማች። የጀርባዋ ገጣባ ገና አልሻረም፤ ዳገቱንም ከሥሩ እስከ ጫፉ ታውቀዋለች። በዚያ ቁስል ላይ ያ ሁሉ ጨው ተጭኖባት በሕይወት ደጋ እንደማትደርስ ገባት።

«ጌታዬ፣ እኔ ልሞክረው» አለች። «ሦስት ዓመት ለጋራዥ ውሃ ሳመላልስ መካኒኮቹ ሲሠሩ አይቻለሁ።»

አያ ጅቦ በሳቅ ተንከተከተ። «አህያ ደግሞ መካኒክ ሆነች! ዞር በይ፣ ታፋው የእኔ ነው!»

ቀበሮ የታፋውን ነገር ሲሰማ ወደ ጅቡ ጆሮ ጠጋ አለ። «አያ ጅቦ፣ ጉልበት ያንተ፣ ዓይን የእኔ። አንተ ታዞራለህ፣ እኔ ምልክቱን አይልሃለሁ። ታፋውን እኩል።»

ጅቡ «እኩል» የምትለውን ባይወዳትም፣ እሱን በኋላ እናያለን ብሎ በልቡ፣ እሺ አለ። የማዞሪያውን ብረት ከመኪናው አፍንጫ ሥር ሰክቶ ሞተሩን በኃይል አሾረው። በሞተሩ ፊት በምትዞረው ክብ ብረት ላይ አንዲት ጭረት፣ አጠገቧ ባለው የማይዞር ብረት ላይ ደግሞ አንዲት ቀስት አለች፤ ሁለቱ ሲገጥሙ ሞተሩ ውስጥ ከፍና ዝቅ የሚለው ፒስቶን ጫፍ ላይ ደርሷል ማለት ነው። ጭረቷ ከቀስቷ ትይዩ ስትደርስ ቀበሮ «ቁም! ደረሰች!» ብሎ ጮኸ።

«የትኛዋ ናት?» አለች እመት አህያ። «ፒስቶኑ እኮ ሁለት ጊዜ ይወጣል። አንዴ አየር አምቆ፣ አንዴ ባዶውን። እሳት የሚፈልገው አየር ሲያምቅ ነው። ጭረቷ ግን ለሁለቱም ትመጣለች፤ ካንዴላው ተፈትቶ ቀዳዳው ካልተዳሰሰ አትለይም።»

«ጭረት ጭረት ነው!» አለ ጅቡ። እሳት አከፋፋዩን ዕቃ ነቅሎ እንደገና ገጠመና ብረቱን ሳበው።

ድው! ሞተሩ እሳት ተፋ፤ የጅቡ ጢም ተለበለበ። ብረቱም ወደ ኋላ ተስፈንጥሮ ጭኑን ሲመታው እየጮኸ ሸሸ።

«ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» አለ አንበሳ።

«እኔ ያየሁትን ነው የተናገርኩት» አለ ቀበሮ፣ ሹልክ ሊል ወደ ኋላ እያፈገፈገ።

«ወዴት?» አለ አንበሳ። «ዓይንህ ካልጠቀመን ክንድህ ይጥቀመን። ለእመት አህያ አዙርላት!»

እመት አህያ የፊተኛውን ካንዴላ አስፈታች። መካኒኮቹ ቀዳዳው ላይ አውራ ጣታቸውን ያኖሩ ነበር። እሷ ጣት የላትምና ለስላሳ ከንፈሯን ከደነችበት። «አፌ ስለሚያዝ ጭራዬን እይ» አለችው ቀበሮን። «ሲወዛወዝ አዙር፣ ሲቆም ቁም።»

ቀበሮ አዞረ። ጭረቷ መጣች፤ ከንፈሯን የነካት አየር ግን የለም። ጭራዋ መወዛወዙን ቀጠለ። «አለፈቻት! አለፈቻት!» አለ ጅቡ ከሩቅ። ቀበሮ ላቡን እየጠረገ አንድ ዙር ጨመረ። ይሄኔ አየሩ ፍፍፍ ብሎ ከንፈሯን ገፋት። ልቧ በደስታ ዘለለ፤ ጭረቷም ስትደርስ ጭራዋ ቀጥ አለ። ቀበሮ ግን ደክሞት ኖሮ ቶሎ አልቆመም፤ ጭረቷ ጣት ያህል አለፈች።

«ትንሽ እኮ ናት፣ ወደ ኋላ ልመልሳት» አለ።

«አይሆንም። ወደ ኋላ ሲመለስ የውስጡ የማርሽ ጥርስ ይላላና ጭረቷ ትዋሻለች። እንደገና ሁለት ዙር።»

«ፀሐይዋ አናታችን ላይ ልትደርስ ነው!»

እመት አህያ ቀና ብላ ሰማዩን አየች። ፈራች፤ በጣም ፈራች። ጨው ገና ሳይጫንባት ገጣባዋ አቃጠላት። «ሁለት ዙር» አለች።

አንበሳ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። ቀበሮ እያጉረመረመ፣ አሁን ግን ቀስ ብሎ፣ አዞረ። አየሩ መጣ፤ ጭረቷ ከቀስቷ ጋር ገጠመች፤ ጭራዋ ቆመ፤ ቀበሮም ቆመ። እመት አህያ እሳት አከፋፋዩን ዕቃ በጥርሷ ነቅላ፣ ፊቱን ወደ ፊተኛው ካንዴላ መልሳ ገጠመችው። ካንዴላውን አሳሰረችና «በል አሁን ሳበው!» አለች።

ሞተሩ አንዴ አሳለ። ከዚያ ዱም ዱም ዱም እያለ ተነሳ። አራዊቱ ሁሉ እልል አሉ።

አያ ጅቦ እያነከሰ መጣ። «ጌታዬ፣ አህያ ሥጋ አትበላም። ታፋው እንዳይበላሽ እኔ…»

«እውነቱን ነው፣ አልበላም» አለች እመት አህያ። «ታፋውን እርስዎ ይብሉት፤ ለእኔ መቀመጫ ይስጡኝ።»

አንበሳ ከት ብሎ ሳቀና ፈቀደላት። ዕድሜዋን ሙሉ ጨው ሲጫንባት የኖረች አህያ፣ ያን ቀን ዳገቱን ጨው ላይ ተቀምጣ ወጣች። አያ ጅቦና ቀበሮ አቧራውን እየቃሙ በእግራቸው ተከተሉ።

ከዚህ የምንማረው፣ ምልክት ስላየን ብቻ ጊዜው ደርሷል ብለን ከመቸኮል ይልቅ፣ ቢያስፈራንም አንድ ዙር ጨምረን ማረጋገጥ እንደሚሻል ነው።