ግማሽ ብርቱካን የጫነችው መኪና

ኮምቦልቻ እኛ ሰፈር፣ ሰው ከፍቅሩ ብዛት የሚወደውን ሲያስጨንቅ የሚባል አንድ አባባል አለ። ለሚሰማው ሰው ከማዕድ ዙሪያ የተወለደ ይመስለዋል። የተወለደው ግን ከአንዲት የመጫወቻ መኪና አጠገብ ነው።

አቶ ይመር አርባ ዓመት የከባድ መኪና ኤሌክትሪክ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘምዘም ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረና ሁለት ወር ከአልጋ እንዳይወርዱ ታዘዙ። ታላቅ እህታቸው እትዬ ጦይባ የሚኖሩት እዚያው ግቢ፣ መሃሉን ከሚያቋርጠው የውሃ ቦይ ማዶ ነው፤ ጉልበታቸው ግን ቦዩን አያሻግራቸውም። እህትማማቾቹ ከልጅነታቸው ጀምሮ አንድ ብርቱካን ለሁለት ሳይካፈሉ የዋሉበት ቀን አልነበረም።

"ግማሿን እኔ አደርስላቸው የለ እንዴ?" አሉ አቶ ይመር።

"አንተ ስታደርሰው ያንተ ነው። የኔ የሚሆነው እኔ ስልከው ነው" አሉ ወይዘሮ ዘምዘም፤ ፊታቸውንም ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ነገሩ አቶ ይመር ሆድ ገባ። ልጃቸው በልጅነቱ የተጫወተባትን ባለ ሪሞት መኪና ከቆጥ አወረዱ። ሽቦዋን አይጥ ጨርሶታል። በቀጭን ሽቦ ሰበብ የነደደ መኪና ብዙ አይተዋልና፣ ሚስታቸው እጅ የሚገባ ነገር እንዲህ እንዲሆን አልፈለጉም። ካላቸው ሁሉ ወፍራሙን መርጠው፣ ጎማ ለምትገፋው ዋና ሞተርም፣ መሪ ለምታዞረው ትንሿ ሞተርም ሊድ አቅልጠው በየዱት።

ወይዘሮ ዘምዘም በመስኮቱ እያዩ ሪሞቱን ተጫኑ። መኪናዋ ግማሽ ብርቱካን ተሸክማ ወደ ፊት ገሰገሰች። ወደ ቦዩ መሻገሪያ እንጨት መታጠፍ ሲገባት ግን ጎማዋ እምቢ አለ። ከነብርቱካኗ ቦይ ገባች።

ወይዘሮ ዘምዘም ሪሞቱን ቀስ አድርገው አስቀመጡ። "ተወው በቃ።"

አቶ ይመር መኪናዋን አልጋው ጫፍ ላይ ከፈቷት። የማይተጣጠፈው ወፍራም ሽቦ የመሪውን ዘንግ ተጭኖ ይዞታል።

"እንዳይቃጠልብሽ ብዬ ነበር" አሉ አንገታቸውን ደፍተው።

"ትንሿ ሞተር ስንት ኤሌክትሪክ ትበላለች?"

"እሷማ ምን ትበላለች። በላተኛዋ ዋናዋ ናት።"

"ታዲያ ምን አድርጋህ ነው? እኔን በሦስት ብርድ ልብስ ያፈንከኝ አይበቃም?"

አቶ ይመር የዋናዋን ወፍራም ሽቦ እንዳለ ተዉት። የመሪዋን አውልቀው፣ ከአሮጌ ሬዲዮ በወጣ፣ እንደ ክር በሚተጣጠፍ ቀጭን ሽቦ ለወጡት። ሞከሯት፤ ሽቦውን በጣታቸው ሦስት ጊዜ ዳሰሱት። አልሞቀም።

በማግስቱ መኪናዋ መሻገሪያው ጋ ስትደርስ ታጠፈች፤ ቦዩን አልፋ እትዬ ጦይባ ደጃፍ ቆመች። እትዬ ጦይባ ግማሿን ብርቱካን አንስተው አሸተቷት።

"ዘምዘም፣ ልጣጩን ማን ይላጠው ብለሽ ነው?"

ከመስኮቱ ሳቅ መጣ፤ ከአደጋው ወዲህ በዚያ ቤት ያልተሰማ ሳቅ።

"ትናንት ቦይ የከተታት ምን ነበር?" አሉ እትዬ ጦይባ፣ መኪናዋን ሊመልሱ ወደመጡት አቶ ይመር ዞረው።

"እኔው ነኝ እትዬ። ለዘምዘም ነው ብዬ ሽቦውን አበዛሁባት።"

እትዬ ጦይባ ከብርቱካኗ አንድ ክፋይ ጎርሰው የእህታቸውን መስኮት እያዩ እንዲህ አሉ፦ "አይ ይመር፣ አጉራሽ በልቡ ልክ ቢሰፍር፣ ጎራሽ በአፉ ይቸገር።"