ጅብ የሰቀለው ቅጠል

አንድ ጊዜ፣ አራዊት ሁሉ ከአንድ ዋርካ ሥር ፊደል በቆጠሩበት ዘመን፣ ሸረሪት በቅርንጫፎቹ መካከል ሰፊ ድር አድርታ «ዱሩ የሚያውቀውን ሁሉ በቅጠል ጽፋችሁ እዚህ ስቀሉ፤ ያልሆነ ነገር ያየም ያውርድ» አለች። የትምህርት ቤቱ ስመ ጥር ተማሪዎች ስም የሚሰቀልበትን ረድፍ እንድትጠብቅ አህያ ተመረጠች። ሕጉ አጭር ነበር፤ ማንም ስለ ራሱ አይጽፍም፣ ስሙ የሚሰቀለውም አብረውት የተማሩ ሦስት እንስሳት ሲመሰክሩለት ነው።

አንድ ማለዳ አህያ ከሁሉ በላይ እንደ ጋሻ የሰፋ የኮባ ቅጠል ተሰቅሎ አገኘች። «ጅብ፤ ከዚህ ትምህርት ቤት የወጣ ታላቅ ሊቅ» ይላል። ዳር ዳሩ የጥርስ ምልክት አለበት። አወረደችው። በማግስቱ ተመልሶ ተሰቅሏል፤ አወረደችው። በሦስተኛው ቀን ጅብ ራሱ ከሥሩ ቆሞ ጠበቃት።

«አንቺ ነሽ ስሜን የምታወርጂው?»

«ሕጉ ነው አያ ጅቦ፤ እኔ ምን አቅም አለኝ?»

«ሕጉን ልበላው አልችልም፤ አንቺን ግን እችላለሁ። ነገ አራዊት ሲሰበሰቡ ስሜ ከላይ ይታይ!»

አህያ ሣር አልወርድላት አለ። ዘሯ ለጅብ «ሳታመካኝ ብላኝ» ማለት የለመደ ነው፤ እሷ ግን ገና መበላት አልፈለገችም። ቅጠሉን ብትተወው ከነገ ወዲያ ሁሉም የፈለገውን ይሰቅላል። ብታወርደው ደግሞ መግቢያዋ የጅብ ሆድ ነው። ጨንቋት ወደ ቀበሮ ሄደች።

«እመት ቀበሮ፣ ምን ይሻለኛል?»

«ተይለት እንጂ እህቴ! ቅጠል እንደሆነ ይደርቃል» አለች ቀበሮ ከንፈሯን እየላሰች። «እኔም ልመሰክርለት ቃል ገብቻለሁ። የበግ ቅልጥም ልኮልኛል።»

«አንቺ እኮ በእኛ ክፍል አልተማርሽም!»

«ቅልጥሙን ስቀበል ይህን አልጠየቀኝም።»

በማግስቱ አራዊት ተሰበሰቡ። አህያ ሕጉ የሚያዘውን ብቻ ተናገረች።

«አያ ጅቦ፣ አብረውህ የተማሩ ምስክሮችህን ጥራ።»

«ሞልተዋል!» አለ ጅብ ደረቱን ነፍቶ። «ፍየል ከጎኔ ነበር የምትቀመጠው።»

«ትምጣና ትናገራ።»

«የለችም። በላኋት።»

«በግስ?»

«እሱ እስከ ትናንት ወዲያ ነበር። ቅልጥሙ እመት ቀበሮ ዘንድ ነው።»

ቀበሮ ቀስ ብላ ከዝሆን ጀርባ ተሸሸገች። ጦጣ ከቅርንጫፍ ላይ «ሆዱን ጥሩት! ክፍሉ በሙሉ እዚያ ነው!» ብላ ጮኸች። ሳቁ ዋርካውን አናወጠው።

ጅብ ደሙ ፈልቶ ወደ አህያ ዘለለ። አህያ ዓይኗን ጨፈነች። ያን ጊዜ አንድ ነገር ብልጭ አለላት።

«አያ ጅቦ» አለች በሰለለ ድምፅ፣ «ከክፍላችን ካንተ ሌላ በሕይወት የተረፍኩት እኔ ብቻ ነኝ። እኔን ከበላህ ማን ይመሰክርልሃል?»

ጅብ አፉን እንደከፈተ ቆመ። አሰበ። ማሰብ ስላልለመደ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ፈጀበት። በመጨረሻ አፉን ገጠመ፤ ቅጠሉም ወረደ።

ከዚያ ወዲህ ሌላ ጅብ አህያዋን እንዳይነካት የሚጠብቃት እሱ ነው። በየማለዳው እየመጣ «የቀሩት ሁለቱ መጡ?» ይላታል። «ገና ናቸው» ትለዋለች፤ የምትግጠው ግን ጆሮዋን አቁማ ነው። የእሷም ስም እስከ ዛሬ አልተሰቀለም፤ አብሯት ከተማረ የተረፋት ምስክር ጅብ ብቻ ነዋ።

ከዚህ የምንማረው ስሙ እንዲነሳለት የሚሻ ሁሉ ስሙን የሚያነሱለትን ከመብላት አስቀድሞ መቆጠብ እንዳለበት ነው።