ቃለ ጉባኤ ያዧ

አንዲት ሴት ነበረች፤ ሥራዋ ከመሬት በታች ውኃ መፈለግ ነበር። ሌላው ሰው ድንጋይ ብሎ የሚያልፈውን እሷ ጎንበስ ብላ ትዳብሰዋለች፣ በመዶሻ ትመታዋለች፣ ከዚያ «እዚህ አለ» ወይም «እዚህ የለም» ትላለች። ይህን የተማረችው ዩኒቨርሲቲ ገብታ ነው። አንቺም «ሰኞ ሥራ ስጀምር እንዲወዱኝ ዝም ብዬ የታዘዝኩትን ልሥራ ወይስ የማውቀውን ልናገር?» ብለሽ ስለጠየቅሽኝ፣ የሷን ነገር ብነግርሽ ይሻላል።

ይቺ ሴት ተማሪ ሳለች አፏ አያርፍም ነበር። ዶርም ውስጥ ሁለት ጓደኞች ነበሯት፤ አንዷ ሕክምና፣ አንዷ ሕግ ታጠናለች። ከካፌ በነጠላ ጠቅልለው ያወጡትን ዳቦ ለሦስት ይቆርሱና ክርክር ይጀምራሉ። ያቺ ስለ ልብ በሽታ ታወራለች፣ ይቺ ስለ ፍትሕ ትሟገታለች፤ ውኃ ፈላጊዋ ደግሞ ተደራራቢው አልጋ ላይ ወጥታ፣ እግሯን አንጠልጥላ፣ በምታውቀውም በማታውቀውም ትፈርዳለች። አንድ ቀን የዶርሙ ጠባቂ በሩን ደብድባ «እናንተ ልጆች፣ ያንን ራዲዮ ዝጉት እንጂ፣ ሰው ያጥናበት!» አለች። በክፍሉ ውስጥ ራዲዮ የሚባል ነገር የለም። ከዚያን ቀን ጀምሮ የልጅቷ ስም ራዲዮ ሆኖ ቀረ።

አይ ያ ዘመን! ውኃ የሚመጣው ጎህ ሲቀድ ነበርና ጀሪካን ይዘው ተሰልፈው ይስቃሉ። የታጠቡትን ፀጉር በረንዳ ላይ ፀሐይ እያሞቁ «እኔ እንዲህ እሆናለሁ፣ አንቺ እንዲያ ትሆኛለሽ» ይባባላሉ። ዝም በሉ የሚላቸው ቢኖርም እንኳ አይሰሙትም ነበር።

ተመረቁና ተበተኑ።

ውኃ ፈላጊዋ የገባችበት መሥሪያ ቤት፣ ጠረጴዛውን የከበቡት ሁሉ ወንዶች ናቸው። በመጀመሪያው ስብሰባ አለቃው ዙሪያውን ቃኘና «እህቴ፣ ጽሑፍሽ ሳያምር አይቀርም፤ ቃለ ጉባኤውን ያዢልን» አላት። ያዘች። ጽሑፏ እውነትም ያምራል፤ አመሰገኗት። በሚቀጥለው ጊዜ የጠየቃት የለም፤ ወረቀትና ብዕሩ እሷ ወንበር ፊት ተቀምጦ ጠበቃት። እሷም ደስ አላት እንጂ አልከፋትም። ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሰው ግን፣ ልብ በይ፣ የሌላውን አፍ ሲከተል የራሱን አይከፍትም። እንዲህ እንዲህ ሲል ዓመታት ሄዱ።

ኋላ ሐኪም የሆነችው ጓደኛዋ ልጇን ክርስትና አስነሳችና ሦስቱ ተገናኙ። እንግዳውን ትተው ጓዳ ገቡ፤ በሩን ዘግተው እንደ ድሮው ምንጣፍ ላይ ተዘረፈጡ።

«ስሙኝማ» አለች ሐኪሟ፤ «የሰውዬውን ሆድ ከፍቼ፣ ሰፍቼ፣ ሲነቃ አጠገቡ ቆሜ፣ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹ሲስተር፣ ዶክተሩ መቼ ነው የሚመጣው?›»

«የኔን አልሰማሽም» አለች ጠበቃ የሆነችው። «ባለጉዳይ ቢሮዬ ይገባና ‹ጠበቃው የት ሄዱ?› ይለኛል። ‹እኔ ነኝ› ብለው ‹አይ፣ ባለቤትሽን ነው የምፈልገው› አይለኝ መሰለሽ?»

«ምን አልሽው?»

«‹ባሌ መካኒክ ነው፤ የተከሰሰው መኪናህ ከሆነ ልጥራልህ› አልኩታ!»

እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ውኃ ፈላጊዋ ዓይኗን እየጠረገች «እኔስ ተመስገን፣ ይወዱኛል» አለች። «ያለኔ ቃለ ጉባኤ አይያዝም።»

«ጎሽ። አንቺስ ስብሰባው ላይ ምን ትያለሽ?» አለቻት ሐኪሟ።

«እኔማ እጽፋለሁ።»

ሳቁ ቆመ። ጠበቃዋ ትክ ብላ አየቻትና «አንቺ ራዲዮ» አለቻት፤ «ማነው የዘጋሽ?»

እንደ ቀልድ ነው ያለችው። ሴትዮዋ ግን ወደ ቤት ስትመለስ ታክሲው መስኮት ዳር ተቀምጣ፣ ለመጨረሻ ጊዜ አፏን ሞልታ የተናገረችው መቼ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከረች። አልጋው ትዝ አላት፣ የዳቦው ፍርፋሪ፣ የበረንዳው ፀሐይ። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ የተናገረችው ነገር ግን አንድም ትዝ አላላትም። እንደ ሞተ ዘመድ ያቺ ጯሂ ልጅ ናፈቀቻት።

ያን ሰሞን አንድ መንደር ውኃ ይጠብቅ ነበር። ቀድሞ የተቆፈረለት ጉድጓድ ደረቅ ወጥቶ፣ አሁን የተፈቀደለት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከከሸፈ ሌላ የለም። ወንዶቹ መኪና መንገዱ ዳር ይቆፈር ይላሉ፤ ማሽኑ በቀላሉ ይገባል፣ ለእንግዳም ይታያል። እሷ ግን አገሩን በእግሯ ዞራዋለች። መንገዱ ዳር ያለው ድፍን አለት ነው። ውኃው ያለው ታች፣ ቁልቁለቱ ሥር፣ አለቱ በተሰነጠቀበት ነው። በሪፖርቷ ላይ ጽፋዋለች፤ ግን ማን ያነባል?

ለመወሰን ተሰበሰቡ። አለቃው እንደ ልማዱ «በይ እህቴ፣ እንጀምር» አለ።

ሴትዮዋ ወረቀቱንና ብዕሩን አንስታ አጠገቧ ለተቀመጠው መሐንዲስ አስጠጋችለት። «ዛሬ አንተ ያዝልን። እኔ የምናገረው አለኝ።»

«እኔ?» ሰውዬው ብዕሩን እባብ ያየ ያህል ሸሸው። «የኔ ጽሑፍ እኮ የዶሮ ጭረት ነው!»

«ግድ የለም፣ ቀስ ብዬ እናገርልሃለሁ።»

አንዱ ሳቀ፣ ሌላው ጉሮሮውን ጠረገ። እሷ ባዶ እጇን የት እንደምታደርገው ጠፋት። ድምፅዋም መጀመሪያ ሻከረ፤ ስለ አለቱ መናገር ስትጀምር ግን እየጠራ ሄደ። ሲጠይቋት መለሰች፣ ሲያቋርጧት «አልጨረስኩም» አለች።

አለቃው ሲያዳምጥ ቆይቶ «ይህን ሁሉ ስብሰባ የት ነበርሽ?» አላት።

«ስጽፍ» አለችው።

ታች ተቆፈረ። መጀመሪያ ጭቃ፣ ኋላ ጥርት ያለ ውኃ ወጣ። ቃለ ጉባኤው ግን የምሩን የዶሮ ጭረት ነበርና፣ ማን ምን እንዳለ አንብቦ የተረዳ የለም። ከባልደረቦቿም አንዳንዱ «ይቺ ሴት ተለወጠች» ብሎ አኮረፋት፤ «እህቴ» ማለቱንም ተወ።

እንግዲህ ልጄ፣ ዝም ካልሽ ይወዱሽ እንደሆነ ጠይቀሽኛል። አዎ፣ ይወዱሻል፤ ሴትዮዋንም ወደዋት ነበር። የአንቺ ብዕር ሰኞ ምን መስላ እንደምትመጣ አላውቅም፤ ሻይ ማዘዝም ትሁን እንግዳ መቀበል። በስድብ ግን አትመጣም፤ ምስጋና ለብሳ ነው የምትመጣው። ተራሽ ሲሆን ያዣት፣ ሥራ አይናቅም። ተራው የሌላው ሲሆን ግን አሳልፊያት። መጀመሪያ ድምፅሽ ይሻክራል፤ አትደንግጪ፣ ይጠራል። የሚያኮርፍም ያኩርፍ። ውኃው ያለበትን እያወቅሽ ዝም ብትዪ የሚጠማው እኮ አንቺን አይደለም፤ ያቺን ጀሪካን ተሸክማ ዳገቱን የምትወጣዋን የመንደር ሴት ነው።