ባለ ዘጠኝ ሺሁና ባለ ሰባት ሺሁ

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ መምህር ጥበቡ፣ ትርሲት ጥያቄዋን በቅጡ ሳትጨርስ። በሙያ ኮሌጁ የኮምፒውተር ጥገና ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ለሥራ ተፈትና ጓደኛዋ ዘጠና ሁለት ስታመጣ እሷ ሰባ አራት አምጥታለች። ሁለቱም ለሦስት ወር ሙከራ ተቀጥረዋል፤ ከዚያ በኋላ በሥራው የምትቀረው አንዷ ብቻ ናት። «መምህር፣ በዚህ ውጤት ከአሁኑ ብተወው አይሻልም ወይ?» ብላ ነበር የመጣችው። እሳቸውም እንዲህ አሏት።

ሰውየው የሚኖረው ቆላ ከተማ ነው፤ ቀትር ላይ ውሻ እንኳ ከጥላ የማይወጣበት። ሥራው ሠርግ በቪዲዮ መቅረጽና ማቀናበር ነበር። በሙያው ኩሩ ነው፣ ኩራቱም ያምርበታል። ሌሎቹ ቀራጮች ፊልሙን የሚያደርሱት በሁለት ወሩ፣ ሙሽሮቹ አንዴ ተጣልተው ከታረቁ በኋላ ነው። እሱ ግን የእሑዱን ሠርግ ማክሰኞ መልስ ላይ፣ የሙሽሪት ዘመድ አዝማድ በተሰበሰበበት ያሳያል። አንድም ቀን ቃሉን አጥፎ አያውቅም።

ታዲያ ፋሲካ አልፎ የሠርግ ወቅት ሲገባ ኮምፒውተሩ ሞተበት። በዚያ ላይ የአንድ ባለጸጋ ልጅ ሠርግ ሊደርስ አራት ቀን ቀርቶታል፤ ለመልሱ አደርሳለሁ ብሎ ለአባትየው ቃል ሰጥቷል። ወደ ሻጩ ሮጠ። ሻጩ ሁለት ኮምፒውተር አወጣለት፤ በሌላው ነገር ሁሉ አንድ ናቸው፣ የሚለያዩት በፕሮሰሰራቸው ነው። ፕሮሰሰር የኮምፒውተር አንጎል ነው፤ ይህን እንኳ ላንቺ አልነግርም። ሻጩ ፍጥነት የሚለካ ፕሮግራም ከፈተ። ሦስት ደቂቃ ፈጀ። አንደኛው ዘጠኝ ሺህ ነጥብ አመጣ፣ ሁለተኛው ሰባት ሺህ። ሻጩም ነገሩ አለቀ፣ ቁጥር አይዋሽም አለው።

ከሻጩ ሱቅ መንገድ ማዶ ያለ ሌላ ቀራጭ የባለ ዘጠኝ ሺሁን ዓይነት ባለፈው ሳምንት ገዝቶ፣ ነጥቡን በትልቁ አሳትሞ በሩ ላይ ለጥፎታል። ጉድ እኮ ነው! የቪዲዮ ቤት በር ላይ የሙሽራ ፎቶ ይለጠፋል እንጂ የፕሮሰሰር ነጥብ ይለጠፋል? ሰዉ ግን ቆሞ ያነባል።

ሰውየው ባለ ዘጠኝ ሺሁን ሊያነሳ እጁን ዘረጋ፤ ከዚያ ተወው። የሱ ሥራ ሦስት ደቂቃ እንዳልሆነ ትዝ አለው። የሠርግ ፊልም ረጅም ነው፤ ምርቃቱ አለ፣ ጭፈራው አለ፣ ኬኩ አለ፣ አክስቶቹ አሉ። አንዲት አክስት ከቀረች ደግሞ ወዮለት።

«ሁለቱንም ለአንድ ቀን ስጠኝ» አለ። «በራሴ ሥራ ልለካቸው።»

ሻጩ ሳቀበት፤ ኮምፒውተር እንደ በሬ አርሰህበት አይተህ የምትገዛው መሰለህ ወይ አለው። የቆየ ደንበኛ ነውና ግን እዚያው ሱቁ በረንዳ ላይ እንዲለካቸው ፈቀደለት።

ሰውየው ያለፈውን ዓመት የእህቱን ሠርግ ቀረጻ ለሁለቱም እኩል ሰጣቸው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አስጀመራቸውና መሃላቸው ተቀመጠ፤ በየግማሽ ሰዓቱ የደረሱበትን ይጽፋል። በመጀመሪያው ሰዓት ባለ ዘጠኝ ሺሁ ያኛውን ጥሎት ሄደ። ሻጩ ብቅ ብሎ አሁንስ አልበቃህም ወይ አለው። ማዶ ያለው ቀራጭም ከበሩ ላይ ሆኖ ይስቃል። ሰውየው አፈረ። ከጧት ጀምሮ ሁለት ማሽን አፋጦ እንደ ሕፃን መቀመጡ ለራሱም አስጠላው፤ ልቡ ተነስ ተነስ አለው። አልተነሳም። ትልቁን ሥራ የሠራው እዚያ ጋ ነው።

አራት ሰዓት ሲሆን ሙቀቱ ገባ። ባለ ዘጠኝ ሺሁ ጋለ፤ ሲግል ደግሞ እንዳይቃጠል ራሱን ያዘገያል። ማራገቢያው ይጮሃል፣ ሥራው ይንፏቀቃል። ባለ ሰባት ሺሁ በጀመረበት እርምጃ ይሄዳል። ስድስት ሰዓት ላይ ደረሰበት፣ ከዚያ አለፈው። ሰባት ሰዓት ሲል ሠርጉን ከዳር እስከ ዳር ጨረሰ። ያኛው ገና ኬኩ ጋ ነበር።

ሰውየው ባለ ሰባት ሺሁን በትከሻው ተሸክሞ፣ በዚያ በር ላይ በተለጠፈው ቁጥር ፊት ለፊት ደረቱን ነፍቶ አለፈ። ማክሰኞ መልሱ ላይ ፊልሙ ታየ፤ አባትየው ከሽማግሌዎቹ መሃል ተነስቶ ሰው ሁሉ እየሰማ መረቀው። እስከ ዛሬ ይኮራበታል። ይኩራ፣ ይገባዋል!

መምህር ጥበቡ መነጽራቸውን አውልቀው ወደ ትርሲት ዞሩ።

«ሻጩ አልዋሸም፣ ልብ በይ። የሦስት ደቂቃ ጥያቄ ጠየቀ፣ የሦስት ደቂቃ መልስ አገኘ። ባለ ዘጠኝ ሺሁም አጭር ሥራ ላለው ሰው ደህና ዕቃ ነው። ያንቺም ፈተና እንደዚያው ነው፤ በአንድ ሰዓት የሚጠየቀውን ጠየቀሽ፣ ጓደኛሽም በለጠችሽ። እውነት ነው። ሦስቱ ወር ግን ገና አልተጠየቀም።»

የትርሲት ፊት ፈካ። እሳቸው ጣታቸውን አነሱ።

«ቆይ እስቲ፣ ቶሎ ደስ አይበልሽ። ባለ ሰባት ሺሁ የበለጠው ቁጥሩ ስላነሰ አይደለም። ቁጥሩም አንሶ፣ ሙቀትም የማይችል ስንት አለ! የበለጠው እርምጃውን ስላልቀነሰ ነው። አንቺን ደግሞ አውቅሻለሁ። ሌላው ሰልችቶት የጣለውን የኮምፒውተር ማዘርቦርድ ሦስት ቀን ተቀምጠሽበት አስነስተሽዋል፤ ያን ቀን ኮርቼብሻለሁ፣ አልነገርኩሽም እንጂ። አሁን ቀና ብለሽ ሂጂ። ጠዋት ተበለጥኩ ብለሽ ከቀትሩ እንዳትቀሪ።»