የአላምረው የጠፋች በቅሎ

እቃቃን «የልጅ ነገር» ብሎ የሚያናንቅ ሰው ሲያጋጥማቸው የእኛ አገር ሽማግሌዎች ቶሎ የሚወረውሯት አንዲት ቃል አለች። ቃሊቱን አሁን አልናገራትም፤ እናቷን ሳያዩ ልጅቷን ማጨት ደግ አይደለም። የዚች ቃል እናት ደግሞ አንዲት የጠፋች በቅሎ ናት፤ ለዚያውም ያልጠፋች።

አላምረው የሚባል ባለጸጋ ነበር። ነገር ሳያጣራ ውሃ የማይጠጣ፣ በግቢው ኮሽታ የማይወድ ሰው። «አፈር ሲያቦካ የዋለ ልጅ ሲያድግም ከአፈር አይነሣም» እያለ አንድ ልጁን ምንይችልን ከደጅ ሳያወጣ አሳደገው። ልጁም ጨዋ ሆነ፤ ጨዋነቱስ መቼ ጠፋ! ግን እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ገብቶ የሚደበቅ፣ «እንደምን ዋላችሁ» ለማለት ላብ የሚያጠምቀው ጎረምሳ ሆኖ ቀረ። አላምረውን እንቅልፍ የነሣው ይኸው ነበር። እሱ ዓይኑን ሲከድን ይህን ቤት ማን ይይዘዋል? «ሰው የምታስገባ፣ ሰው የምታስወጣ ምራት ካላገኘሁ ደጄ መዘጋቱ ነው» ይል ጀመር።

ከወንዙ ማዶ፣ ተመቸ የሚባል ሰው የሻረግ የምትባል ልጅ እንዳለችው ሰማ። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ግን ቤቱን ማጣራት አለበት። በሰው ዓይን አያምንምና ራሱ ተነሥቶ ሄደ። መቼም «ልሰልላችሁ መጣሁ» አይባልም፤ «በቅሎ ጠፍታኝ» አለ።

ታዲያ ስለ በቅሎዋ እየጠየቀ ወሬውን ወደ ተመቸ ቤት ያዞረዋል። አንዱ «ተመቸ? ጎተራው ዓመት ካመት አይጎድል!» ይለዋል። ሌላዋ «እነሱማ የማር ወለላ ናቸው፤ ሞልቶ የተረፋቸው» ትለዋለች። የአገሩ ደንብ ነው፤ ለጎረቤት ልጅ ጋብቻ የሸተተ እንደሆነ የጎደለውን ሁሉ ጎረቤት በአፉ ይሞላዋል። አላምረውም ይህን አያጣውም፤ እሱስ ለስንቱ ጎረቤቱ ሲሞላ ኖሮ የለም እንዴ?

ደከመውና ከመንደሩ ሾላ ሥር አረፍ አለ። አያ እምሩ የሚባሉ ሽማግሌ እዚያው ተቀምጠው ገመድ ይገምዳሉ። አጠገባቸው ልጆች እቃቃ ይዘዋል። ገሉ ድስት፣ ጭቃው ወጥ፣ የጉሎው ቅጠል እንጀራ ሆኗል፤ እምቧዩም የስንጥር እግር ተተክሎለት ከብት ሆኖ ቆሟል። አላምረው «ወዲያ ሂዱልኝ!» ሊል ሲከጅለው አንዲት ልጅ ብድግ አለች።

«እንግዳ መጣ! ኧረ ይግቡ፣ በሞቴ ይግቡ!»

ዞር ብሎ አየ፤ ለካ እንግዳው እሱ ነው። ምን እንደነካው እንጃ፣ ተነሥቶ በጠጠር ወደተሰመረው ቤት ሊገባ እግሩን አነሣ።

«እሱማ ግድግዳ ነው! በሩ በዚህ ነው» አለችው።

ዞሮ በበሩ ገባ። «የማን ልጅ ነሽ?»

«የተመቸ ነኝ። እንጉዳይ እባላለሁ። የሻረግ እህቴ ናት።»

የአላምረው ጆሮ ቆመ። ልጅቷ ቅጠሉን ዘርግታ ጭቃውን ከጨለፈችለት በኋላ ባል ወደሆነው ወደ ታከለ ዞራ አንሾካሾከች፤ ሹክሹክታዋ ግን ወንዝ ይሻገራል።

«እህሉ አልቋል፤ ይህንንም ከጎረቤት ከእነ ደጊቱ ተበድሬ ነው። አንተ በልቻለሁ በል።»

«ትናንትም በልቻለሁ ብዬ የለም?» አለ ባል ቅር ብሎት።

«ዝም በል፣ እንግዳው ይሰማል! ይልቅ ሣቅ እያልክ አጫውታቸው።»

አሃ! ጎተራው ባዶ ነው። አላምረው «ጉዳቸው ወጣ፤ ከደሃማ አልዛመድም» ብሎ ሊነሣ ዳዳው። ግን ልጅቷን አየና እግሩ አልታዘዝ አለው። ይህቺ ክንድ የማታህል እንግዳ ስታስተናግድ አንደበቷ አልተያዘም፤ የእሱ ጎረምሳ ግን ይሄኔ ጓዳ ገብቷል። የት ተማረችው? እዚሁ፣ አፈሩ ላይ። ነገሩ ገረመው፤ ጨምሮ ማየትም አማረው።

«እስቲ ደግሞ የሌላ ሰው ቤት ተጫወቱልኝ። ከወንዝ ማዶ ያለውን የአላምረውን ቤት ታውቁታላችሁ?»

አያ እምሩ ከገመዳቸው ቀና አሉ።

«እንዴ! ለቡሄ ሆያ ሆዬ ልንል ሄደን ነበር» አለ ታከለ። ወዲያው በሩን በእሾህ ዘጋና በእጅ በእግሩ ተንበርክኮ ይጮህ ጀመር፤ ውሻው መሆኑ ነው። አንዷ ልጅ ጥግ ይዛ ፊቷን ሸፈነች።

«ይቺስ ማናት?»

«ልጅየው ናታ! ይደበቃል» አለች እንጉዳይ። እሷ ደግሞ አንድ ድንጋይ በሁለት እጇ ታቅፋ አምጥታ በአባወራው ቦታ አስቀመጠች።

«ይሄስ?»

«አባወራው።»

«ምነው ድንጋይ? ሰው ጠፋ እንዴ?»

«ማንም እሱን ልሁን አላለማ!»

አላምረው የዚያን ዕለት ዘፈኑን ሰምቶት ነበር፤ «ዝም በሏቸው፣ ሲሰለቻቸው ይሄዳሉ» ያለው ራሱ ነው። አፈረ፤ ከማፈርም አልፎ ሆዱ ባባ። ድንጋዩን አንሥቶ ከጠጠሩ ውጭ አኖረና በቦታው ተቀመጠ።

«እስቲ አሁን ዝፈኑልኝ» አለ።

ልጆቹ ተያዩ። ከዚያ ዘፈኑ፤ ውሻውም ተነሥቶ አብሮ ዘፈነ። ሲጨርሱ ለይምሰል የቡሄ ሙልሙል ሊቀበሉ እጃቸውን ዘረጉ። አላምረው ስልቻውን ፈትቶ የስንቁን ዳቦ ቆርሶ አደላቸው።

«የእውነት ነው!» ብላ ጮኸች እንጉዳይ። ልትጎርስ አለችና ተወችው፤ ከቁራሿ ከፍላ «እርስዎስ?» አለችው።

ከጠዋት ጀምሮ እህል በአፉ ያልዞረው አላምረው ሣቅ ብሎ «በልቻለሁ» አላት።

ልጆቹን ተሰናብቶ በበሩ ሲወጣ አያ እምሩ «በቅሎህስ?» አሉት።

«በቅሎዋ ትቅር። ለሰንበት ለተመቸ ሽማግሌ እልካለሁ።»

«ለባዶ ጎተራ?»

«ጎተራስ እኔ ዘንድ ሞልቷል፤ የጎደለኝ ሌላ ነው። ግን አያ እምሩ፣ መንደሩ ሁሉ ሲደብቀኝ እርስዎስ ምነው ዝም አሉኝ?»

ሽማግሌው ገመዳቸውን እየጠቀለሉ ሣቁ። «እኔስ ጎረቤታቸው አይደለሁ? ብትጠይቀኝ እኔም ሞልቼ እነግርህ ነበር፤ ምን ታደርገዋለህ ልጄ፣ ጎረቤት የሸፈነውን እቃቃ ይገልጠዋል።»